የሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረችው ጨረቃ

አምቦ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ናትናኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ የኮምፒውተር ጨዋታው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስለ መብራት ክፍያ ልቆጣው ስገባ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሰውዬ በፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ እየተንከራተተ ከየግድግዳው ጽሑፍ ይለቃቅማል። ምንድን ነው ስለው፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ የተደበቀው ታሪክ ነው» አለኝ። በጨዋታው ዓለም ጨረቃ ጨረቃ አይደለችም አሉ። ከሰው በፊት የነበሩ ፍጡራን የሠሯት እስር ቤት ናት። ነገሥታቱ ሁሉ ይህን እያወቁ ከሕዝቡ ደብቀዋል፤ ምስጢሩ ተቆራርጦ በየግድግዳው ተጽፏል፤ ተጫዋቹ እየሰበሰበ ያነባል።

የመብራቱን ነገር ረሳሁት። ሌላ ንዴት መጣብኝ፣ የወጣትነቴ።

በደርግ ጊዜ ጉደር ላይ እህል ጫኝ ነበርኩ። ፊደል የሚባል ነገር አላውቅም። ጓደኛዬ ገመቹ እዚያው መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ስላቋረጠ በመካከላችን እንደ ሊቅ ነበር። ከባኮ በቆሎ የሚያመጡት መኪኖች እስኪደርሱ ጠዋት ጠዋት እቴቴ አስካለ ሻይ ቤት እንቀመጣለን። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ግድግዳው እንደ ጊዜው ወግ በአሮጌ ጋዜጣ ተሸፍኗል። ያኔ ጋዜጣ የሚለጠፈው ለውበትም ነው፣ አፈሩ እንዳይረግፍም ነው። ማጣበቂያው ሊጥ ስለሆነ አይጥ ዳር ዳሩን ትበላዋለች። ግማሹ ተገልብጦ ተለጥፏል፤ ለእኔ ቀጥ ያለውም የተገለበጠውም አንድ ነበር።

ከአግዳሚው በላይ አንድ ክብ ነገር የሚያሳይ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ደብዘዝ ያለ ፎቶ ነበር። ገመቹ ጣቱን መስመሩ ላይ እየጎተተ ያነብልኛል። ጨረቃ ላይ ከእኛ በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። የጥንት ነገሥታት ያውቁ ነበር። አሜሪካኖቹም ሩሲያውያኑም የወጡት የእነዚያን ሰዎች በር ፍለጋ ነው። ከጨረቃ የተገመሰ ቁራጭ ወድቆ የደንዲን ሐይቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ የአምቦ ውኃ የሚንፈቀፈቀው ያ ቁራጭ ከሥር ገና ስላልበረደ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያነብልኝና መኪና ሲመጣ «ነገ እንቀጥላለን» ይለኛል። እኔ ኩንታል ተሸክሜ ስለ በሩ አስባለሁ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ነገር ጥቂት ነው። የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት ጫልቱን ወደድኩ። የጊንጪ ልጅ ናት፤ አክስቷ ዘንድ ጉደር እየመጣች ትከርም ነበር። እሷም አልጠላችኝም፤ «ሽማግሌ ላክ» ያለችኝ ራሷ ናት። አባቷ ኦቦ ቶሌራ ግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። አጎቴን ላክሁ። አባትየው ስለ መሬትም ስለ ከብትም አልጠየቁም፤ የጠየቁት ልጁ ማንበብ ይችላል ወይ ብለው ብቻ ነው። አጎቴ፣ «ጋዜጣ ሳይሰማ አይውልም» አላቸው። ውሸት አልነበረም። እንግዲያው ይምጣና ልየው አሉ።

ጥቅምት ነበር። ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ መንገዱ ግን ገና አልደረቀም፣ የጊንጪ ጥቁር አፈር ጫማ ይዞ ያስቀራል። እኔና አጎቴ እግራችንን በር ላይ ጠርገን ገባን። የገብስ ጩኮ ቀረበልን፣ ቅቤው ገና ይሸታል። ጫልቱ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ኦቦ ቶሌራ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ሰሞኑን ጋዜጣው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው፤ ሰዎቹን፣ ነገሥታቱን፣ በሩን። ደንዲ ላይ ስደርስ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሐይቃችን ከጨረቃ የወደቀ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ኦቦ። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

«የትኛው ጋዜጣ ላይ?»

ቀና ስል ምን አየሁ፣ ያው ክብ ፎቶ። ከቢሮ ባመጡት ጋዜጣ እሳቸውም ግድግዳቸውን ለጥፈዋል፤ ያው ገጽ ከቁም ሳጥኑ በላይ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። እግዚአብሔር ምስክር የላከልኝ መሰለኝ። ተነሥቼ ሄድኩና ጣቴን ጨረቃዋ ላይ አሳረፍኩ።

«ይኸው» አልኳቸው።

ኦቦ ቶሌራ ገጹን አዩ፣ እኔን አዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጫልቱ፣ ኮቱ» ብለው ጠሩና፣ «ከፎቶው ሥር ያለውን አንብቢለት» አሏት።

መጣች። አጠገቤ ቆማ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበች።

«አዲሱ ዳቦ ቤት ለሕዝብ ከሚያቀርባቸው ዳቦዎች አንዱ።»

ማንም አልሳቀም። ጩኮውን እንድጨርስ ለመኑኝ፤ ጨረስኩ። መልሱ ሳምንት ሳይሞላ መጣ፤ ልጃችን ገና ናት አሉ። ጫልቱ ባኮ አስተማሪ አገባች።

ጉደር ተመልሼ ገመቹን አፋጠጥኩት። ያልጠበቅሁት መልስ ሰጠኝ። «አንተ፣ የምርህን ነው እንዴ? እኛ እኮ እያወቅክ የምትስቅ መስሎን ነው።» እኛ ነው ያለው። እቴቴ አስካለን ዞሬ ሳያት ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ሻይ ቤቱ ሁሉ ሲሰማ የከረመው ጨረቃን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲመጣ ሽበታም ሰዎች መሃል ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። ካድሬው ድንቁርናን ለማጥፋት ነው ይላል፤ እኔ የተማርኩት በንዴት ነው። ማንበብ እንደ ቻልኩ በቀጥታ የሄድኩት እቴቴ አስካለ ቤት ነበር። ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች በራሴ ዓይን ላነበው። ግድግዳውን ለበዓል ኖራ ቀብታዋለች። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ሊጥና አቧራ ብቻ ረገፈ። «ምን ሆነሃል አንተ ሰው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ። ደርግ ወድቆ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር እንደ ሕፃን ልጅ እንደገና ተምሬ እሱንም ያዝኩት። ከእንግዲህ ማንም አያነብልኝም ብዬ ነበር። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ የናትናኤል ግድግዳ እንግሊዝኛ ሆነና ቁጭ አልኩ፤ ልጁ ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አልኩት።

«ጨዋታውን የሠሩት ናቸው አባባ። ፈጠራ ነው እኮ።»

«አንተስ ፈጠራ መሆኑን ታውቃለህ?»

ሳቀ። «ሁሉም ያውቃል።»

ሁሉም ያውቃል። ጉደርም ሁሉም ያውቅ ነበር። ተነሥቼ ልወጣ አሰብኩ፤ ግን ያ እስር ቤት ውስጥ የታሰረው ማን እንደሆነ ሳልሰማ እንዴት ልውጣ? ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ሌላ ግድግዳ ጋ ደርሷል። ትልቅ ክብ ሥዕል አለበት፤ ዙሪያው በጽሑፍ ተሞልቷል።

«ልቀጥልልዎት?» አለኝ።

«ቀጥል» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ከሥዕሉ ሥር ያለውን።»