«ያዝልኝ» የተባለው ኳስ

ቅዳሜ ማለዳ ከአየር ጤና ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የምሄደው ለአንድ ኳስ ነው። ባለቤቴ «መርካቶ ኳስ ጠፋ?» ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ተጫዋቾች የፈረሙባቸውን ማሊያዎችና ኳሶች የምሰበስብ ሰው ነኝ፤ አመል ነው፣ ምን ይደረጋል። ወልቂጤ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ጌታሁን፣ ቡታጅራ አንድ ሰው ቤት የአውስትራሊያ ስመ ጥር ተጫዋች የፈረመበት ኳስ አየሁ ካለኝ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል። አውስትራሊያዎች በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የራሳቸው እግር ኳስ አላቸው፤ ኳሱም እንደ እንቁላል ሞላላ ነው።

ወልቂጤ

ጌታሁን ከአንድ ለአምስት ስብሰባ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት አስጠበቀኝ። ምሳ ስንበላ «አይሸጥልህም» አለኝ።

«ለምን?»

«ሄደህ ራሱን ስማው።»

እሱ ቤት አድሬ እሑድ ጠዋት በጉብሬ በኩል ተራራውን በሚያቋርጠው ኮረኮንች ተጓዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የቆጮ ጥቅላቸውን ጭኔ ላይ አስደግፈው ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ለኳስ ነው፣ እናቴ።»

ሽበቴን አዩና «በዚህ ዕድሜህ?» አሉ።

ቡታጅራ

ጋሽ ከድር የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ግቢያቸው የገባሁት እያስነጠስኩ ነው፤ በርበሬው ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳሎን ስንገባ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል በተነጠፈበት፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ኳሱን አየሁት። ቀይ ቆዳ፣ በላዩ ጥቁር ፊርማ። ምራቄን ዋጥኩና ዋጋ ጠየቅኩ።

«አይሸጥም፣ ወንድሜ። አማና ነው» አሉ ጋሽ ከድር። «ሚስተር ቶም የሚባል ፈረንጅ እዚህ ተከራይቶ ሁለት ዓመት የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ነበር። ሲሄድ ይሄን እጄ ላይ አስቀመጠና ‹ከድር፣ ያዝልኝ› አለኝ። ያዝኩለት። በዚያው ቀረ።»

ሳጥኑን አንድም ቀን ከፍተውት አያውቁም። የሰው አደራ አይከፈትም።

«ዘንድሮ ሐጅ ልሄድ ተመዝግቤያለሁ» አሉ። «የሰው አማና አንገቴ ላይ አስሬ እንዴት ነው አላህ ቤት የምገባው? ለማንስ ላስረክብ?»

ዋጋ በመጠየቄ አፈርኩ። ቢሆንም ፊርማውን ቀረብ ብዬ ማየት አማረኝና አስፈቅጄ ሳጥኑን አነሳሁት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ «ቀስ!» አሉኝ። ከኳሱ ሥር ወረቀት ተነጥፏል፤ ከታች አንጋጥጬ ሳየው በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «ለወዳጄ ለከድር። ይህን የፈረመልኝ የልጅነት ጀግናዬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። አታስቀምጠው፤ ልጋው።»

ጋሽ ከድር «ታዲያ ለምን ያዝልኝ አለኝ?» ብለው ጮኹ።

ወይዘሮ ዘይነባ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። «ያ ረቢ! ጥፋቱ የኔ ነው! ምግብ ሳቀርብለት ‹ብላልኝ፣ ጠጣልኝ› እለው ነበር። አማርኛ የለመደው ከኔ አይደል?»

ለካ ሰውየው «እባክህ ውሰደው» ማለቱ ነበር።

የኔ ተስፋ ነፍስ ዘራ። «እንግዲህ የርስዎ ከሆነ...» ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ከድር አልሰሙኝም። ሳጥኑን ከፍተው ኳሱን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ።

«ልጋው ነው ያለኝ?»

«አዎ፣ ግን ጋሽ ከድር፣ ፊርማው...»

ለጉት። ኳሱ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ እየነጠረ በርበሬውን በትኖ ላሞቹ የሚያድሩበት ጭቃ ውስጥ ገባ። እሪ ልል ምንም አልቀረኝ። እሳቸው «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ሮጠው አወጡትና ወደኔ ለጉት። «መልሳት እንጂ!»

ከሰበሰብኳቸው ኳሶች አንዱንም ለግቼ አላውቅም። ይሄን ለጋሁት። ፊርማው ሲደበዝዝ እያየሁ፣ እየሳቅኩም፣ ደጋግሜ ለጋሁት።

መመለሻ

መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ፌስታል በርበሬ አቀበሉኝና «እንካ፣ ያዝልኝ» አሉ።

«ልውሰደው ወይስ ልጠብቀው?»

እስከ ቡኢ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፌስታሉን ከፍታ አየችና «ኳሱስ?» አለች።

«ተለጋ» አልኳት።

ከዚያ ጓዳ ገባሁ። ማሊያዎቼ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። የሰጠኝ ሰው «ልበሰው» ይበለኝ «አስቀምጠው»፣ አንዱንም ጠይቄ አላውቅም። አጎቴ በልጅነቴ የሰጠኝን፣ ከሁሉ የምሳሳለትን ማሊያ ከላስቲኩ አውጥቼ ለበስኩት።

ጠቦኛል።