ውብነሽ ፍሬን ስታስተምር

ውብነሽ ሃያ ሁለት ዓመት መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ነድታለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰደበችው ሹፌር ቢሰበሰብ ካልቨር ሲቲን የሚያህል ከተማ ይሞላል። ጡረታ ስትወጣ ምላሷ አብሯት አልወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቫን ናይስ ሰፈር ባለ የጴንጤዎች ቸርች ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከፌርፋክስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የለመነቻቸውን ባዶ የዘይት ጀሪካኖች ደርድራ፣ የሐበሻ ልጆችን መንዳት ታስተምርበታለች።

ይህን የጀመረችው የራሷ ጉድ አስተምሯት ነው። በዲቪ በመጣች በስድስተኛ ወሯ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ቀን፣ ፍሪዌይ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ሁለቴ ከዞረች በኋላ ፊቷን ወደሚመጡት መኪኖች አዙራ ቆመች። ፖሊሱ "ምን ሆነሽ ነው?" ቢላት "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሷን ጠይቃት" ብላ መኪናዋን አሳየችው። መንጃ ፈቃድ የሰጧት ፓርክ ማድረግ ስለቻለች እንጂ መኪና መቆጣጠር ስላወቀች እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባት።

ባለፈው ጥቅምት የአሥራ ስድስት ዓመቷ ፍናን መጣች። አባቷ ጌድዮን፣ የቸርቹ ሽማግሌ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ይጸልያል።

"ሶ፣ ስሚኝ" አለቻት ውብነሽ። "ጀሪካኑ ጋ ልትደርሺ ስትይ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ርገጪው። እግርሽ ሥር ሲንቀጠቀጥ እንዳትለቂው፤ መኪናዋ ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ጎማው እንዳይቆለፍ ራሷ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ታደርገዋለች። ዓይንሽን ደግሞ መሄድ ወደምትፈልጊበት ላኪው። የፈራሽውን ካየሽ እሱኑ ነው የምትገጪው።"

ፍናን መጥታ ረገጠች፤ ፍሬኑ ሲንቀጠቀጥ ደንግጣ ለቀቀችው። ጀሪካኑ ተጨፈለቀ።

"በኢየሱስ ስም!" ጮኸ ጌድዮን።

"አንተ፣ ጌታ እግሩን ፍሬን ላይ አያደርግልህም! ዝም በል!"

በሁለተኛው ሙከራ ልጅቷ ሳትለቅ ረግጣ፣ መሪውን ትንሽ ሰበር አድርጋ፣ ጀሪካኑን በጎን አልፋ ቆመች። ጌድዮን ግን አልተዋጠለትም።

"እትዬ፣ ፍሬን እኮ ጠቅ ጠቅ እየተደረገ ነው የሚያዘው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ስነዳ..."

"እንግዲያው ና አሳየን።"

አሳያቸው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገ ሦስት ጀሪካን ጨፈለቀና "ለፓስተር ብቻ" የሚለው ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ቆመ።

"አባዬ፣ ኦኬ ነህ?" አለች ፍናን ሳቋ እያመለጣት።

ጌድዮን ወርዶ ሰሌዳውን ሊያቃና ታገለ፤ ብረቱ ጎብጧል። "ለፓስተሩ ምን ልበላቸው?"

"ሰይጣን ገፋኝ በላቸው፤ መጥቶ አይከራከርህም። እውነቱን ከተናገርክ ግን ለቅዳሜ ቦታ እይዝልሃለሁ።"

እሁድ በምስክርነት ሰዓት ማይክ ይዞ እውነቱን ተናገረ። ምእመኑ ሃሌ ሉያ ማለቱን ትቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ቅዳሜ ሲደርስ ጌድዮን መሪውን ይዞ ተቀመጠ፤ ከኋላው ደግሞ ዓመታት የነዱ ሦስት አባቶች መኪናቸውን አሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ።

በአራተኛው ሙከራ ሳይለቅ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

ውብነሽን ሰው ማሞገስ ያንቃታል። "ደህና ነው" አለችው ወደ መስኮቱ ዞራ፤ "ልጅህ ግን ትበልጥሃለች።"