በሁዳዴ የተተከለው የእናቴ መንጋጋ

እናቴ ታችኛው መንጋጋዋ ላይ እባጭ ወጥቶባት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ይዣት ወረድኩ። ሐኪሙ የታመመው አጥንት ተቆርጦ እንደሚወጣ፣ በቦታው ከእግሯ ቀጭኑን አጥንት ከነሥጋውና ከነደም ሥሩ አንሥተው እንደሚተክሉላት ነገረን። የት ጋ እንደሚቆረጥ አስቀድመው በኮምፒውተር ለክተዋል። በልኩ ከፕላስቲክ የተሠራ መንጋጋ እጇ ላይ አስቀመጠላት። አገላብጣ አየችውና፣ «ጥርስ የለውም እንዴ? እንግዲያው የአክስትሽ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔ ፈርቼ ሞቻለሁ፣ እሷ ትቀልዳለች!

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። «ተሳክቷል» አለኝ ሐኪሙ፤ «ግን የተተከለው ሥጋ እንዲይዝ በደንብ መመገብ አለባት።» እሷ በጉሮሮዋ በገባ ቱቦ ነበር የምትተነፍሰው፤ መናገር አትችልም። ምግቧ በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው።

ነርሷ ወተት ይዛ መጣች። እናቴ ነጩን ስታይ የአፍንጫዋን ቱቦ ጨምድዳ ያዘች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?»

በጣቶቿ መስቀል ሠርታ አሳየችኝ። ወይ ጉድ! ለካ ሁዳዴ ነው። መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው በሁዳዴ ወተት ከሚቀምስ ሞቱን ይመርጣል። ሐኪሙ ቢለምን፣ እኔ ብጮህ፣ ወይ ፍንክች! የአትክልት ሾርባ ብቻ ትቀበላለች፤ እሱ ደግሞ አልበቃትም። በማግስቱ አቅሟ ደከመ። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች የተተከለው ሥጋ ሊሞት ይችላል አለኝ። ተናደድኩ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬም አለቀስኩ።

የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ጉብታ ላይ ወጥተው የሆነውን ሰሙኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት።

«ልጄ፣ ድውይ አይጾምም። ፈቅጄልሻለሁ፣ ጠጪ» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች።

«አባ፣ እምቢ አለች!» ብዬ ጮህኩ።

«እንግዲያው ጾምሽን ለእኔ ስጪኝ» አሏት። «የአንቺንም ደርቤ እኔ እጾመዋለሁ። አንቺ ጠጪ።»

የእናቴ ዓይን በእንባ ተሞላ። እጇን ከቱቦው ላይ አነሣች። ነርሷ ወዲያው ወተቱን አስገባችላት፤ እኔም እፎይ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሥጋው ያዘ። ፋሲካን እዚያው ሆስፒታል ዋልን፤ ከዚያ ከዘራ ተደግፋ አገሯ ገባች። በዓለ ሃምሳ ሊያልቅ ሲል የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጡ። ከሁዳዴው እንደከሱ ናቸው፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ቅቤ የገባበት ሽሮ ቀረበ። እናቴ አጎረሰቻቸው። እሳቸውም በተራቸው ጥፍር የምታህል ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፏ አስጠጉ።

አፈጠጠችባቸው። ስትናገር አሁንም ያዝ ያዝ ያደርጋታል።

«አባቴ፣ ለእኔ ብለው ያን ሁሉ ተርበው፣ እኔ ለዚህች አፌን ልክፈት?»

እየሳቁ ጉርሻውን አተለቁላት። በደኅናው በኩል ቀስ ብላ አኘከች። ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። ዋጠችና አፏን ከፈተች።

«ይድገሙኝ እንጂ!»