አይተው የሚሄዱበት ሱቅ

ሞጣ ውስጥ ቴሌቪዥን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሙሐመድሁሴንን ማማከር ነበር። ሱቁ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይከፍታል፤ አቧራውን ጠርጎ ሳይጨርስ አንዱ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ይቺ ስንት ኢንች ናት?» ይለዋል። እሱም መጥረጊያውን አስቀምጦ ማስረዳት ይጀምራል።

ማስረዳት ነፍሱ ነው። አባቱ በዚያው ሱቅ ሬዲዮ ሲሸጡ ለገዢው ጣቢያ ይዘው፣ አንቴናውን አዙረው፣ ባትሪ ድንጋዩ እንዴት እንደሚገባ አሳይተው ካልሆነ አይሰዱም ነበር። ልጃቸው ከሱቁ ጋር ይህንንም ጠባይ ወረሰ። ቴሌቪዥን የሚጠይቀውን ሰው ዋጋ ከመንገሩ በፊት «ሶፋችሁ ከግድግዳው ስንት እርምጃ ይርቃል?» ይለዋል። ቀጥሎ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ መብራቱ በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን እንዳለ ይጠይቃል። ሕፃን ካለ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው፤ መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ስታቢላይዘር ግድ ነው። ባለቤቱ ኸይራት ምሳ ይዛለት ስትመጣ ይህን ሁሉ ሰምታ «ቴሌቪዥን እየሸጥክ ነው ወይስ ሰው እያጋባህ?» እያለች ትስቅበታለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰዎች የዕቃውን ጀርባ በስልካቸው ፎቶ ማንሣት ጀመሩ። ሙሐመድሁሴን መጀመሪያ ደስ አለው። ለሚስቶቻቸው ሊያሳዩ ነው ብሎ ነበር ያሰበው። እንዲያውም ጽሑፉ በደንብ እንዲወጣላቸው ካርቶኑን ወደ ብርሃኑ ያዞርላቸው ነበር።

ነገሩ የገባው በመምህር አምላኩ ነው። አምላኩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ሦስት ቀን ተመላልሶ፣ ሁሉንም አስከፍቶ፣ ባለ አርባ ሦስት ኢንቹን ወድዶ፣ አመስግኖ ሄደ። በዐሥረኛው ቀን ሪሞት ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ።»

«የምን ሪሞት ነው?»

«የቴሌቪዥኑ ነዋ! እርስዎ የነገሩኝን ነው የገዛሁት፤ ቁጥሩ አንድ ሳይዛነፍ ያው ነው። በቴሌግራም አዝዤ በአውቶቡስ መጣልኝ።»

ፎቶው ለምን እንደሚነሣ ሙሐመድሁሴን አሁን ገባው። የባሰው ደግሞ መምህሩ ይህን ያለው በምስጋና መሆኑ ነው። ምክርዎን ሰምቻለሁ ማለቱ ነበር። ሪሞቱን ተቀብሎ ክዳኑን ከፈተ። ድንጋዮቹ ተገልብጠው ነው የገቡት። አዙሮ አስገብቶ መለሰለት፤ የፊዚክስ መምህሩም «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ከዚያ ኢንተርኔት ጠፋ። አገሩ ሰላም ባጣበት በዚያ ጊዜ ስልክ ለመደወል ካልሆነ ለምንም የማይረባ ሆነ፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። ቴሌግራም የለም፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ ካርቶንም የለም። ከተማው ሁሉ ሲጨነቅ የሙሐመድሁሴን ሱቅ ደራ። ወሬ የራበው ሕዝብ ከአባቱ ዘመን ወዲህ ዞር ብሎ ያላየውን ሬዲዮ እየተሻማ ወሰደው። የእጅ ባትሪ አለቀ፣ ቻርጀር አለቀ፣ መጋዘን ውስጥ ተረስተው የከረሙ ሁለት ቴፖች ሳይቀሩ ተሸጡ። የሚያስረዳው ሰው እንኳ አጣ፤ ሁሉም «ያለህን ስጠኝ» ብቻ ነው የሚለው።

በጁምዓ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሰላም እንዲመጣ ዱዓ ያደርጋል፤ ከልቡ ነው። ጠዋት ሲነሣ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ኢንተርኔቱ ተመልሶ እንደሆነ ያያል። አለመመለሱን ሲያይ ደረቱ ቀለል ይለዋል። ቀለል ስላለውም ያፍራል።

«ገበያው ወደ ቤቱ ተመለሰ» አላት ኸይራትን።

መንገዱ ሲከፈት ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ መርካቶ ከሚያውቀው አከፋፋይ ከአብዱራዛቅ ዘንድ ዕቃ ጭኖ መጣና ሱቁን እስከ ጣሪያው ሞላው። ከመደርደሪያ የተረፈው ፍሪጅ በር ላይ ቆመ። ዕቃው በተራገፈ በሦስተኛው ሳምንት ኢንተርኔት ተለቀቀ። መንገዱ በስልክ ጩኸት ተሞላ፤ ሰው ለወራት የተጠራቀመ መልእክቱን እየከፈተ እዚያም እዚህም ይስቃል፣ ያለቅሳል። ሙሐመድሁሴን በሱቁ በር ላይ ቆሞ ከጎረቤቶቹ ጋር «አልሀምዱሊላህ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል የመጣች ቀን ግን አላህ እንዳልረሳው ተሰማው። ቢቸና ላይ የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ነው፤ ዐሥራ ሁለት ክፍል፣ ዐሥራ ሁለት ቴሌቪዥን። ሁለት ጊዜ ሞጣ ድረስ ተመላለሰች። ሙሐመድሁሴን የክፍሎቹን ልክ ተቀብሎ በወረቀት ነደፈላት፤ አልጋው እዚህ፣ ሶኬቱ እዚህ፣ ዲሹ ጣሪያው ላይ በዚህ ማዕዘን። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እደውልልዎታለሁ» ብላ ሄደች።

እውነትም ደወለች።

«ጋሼ ሙሐመድሁሴን፣ ቴሌቪዥኖቹ እኮ ገቡልኝ!»

«ከየት?»

«ከአዲስ አበባ ነዋ። አሁን የቸገረኝ የሚሰቅል ሰው ነው። ወረቀቱም የእርስዎ ስለሆነ እርስዎው ቢመጡልኝ ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ኸይራት ፊት የማይባል ነገር ሁሉ ተናገረ። በማግስቱ ድሪሉን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ለምን እንደሚሄድ ራሱን ጠይቆ ያገኘው መልስ የሚያኮራ አልነበረም። ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሮ እንደሆነ በዓይኑ ማየት ነበር የፈለገው። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ጎማ ሲቀይር «ከሁለት አያንስም» ብሎ ገመተ። ያን ሁሉ ኮረኮንች ስስ መስታወት አይችለውም።

ቢቸና ደርሶ ዐሥራ ሁለቱንም ካርቶን አንድ በአንድ ከፈተ። አንዱም አልተሰነጠቀም። ሁሉም ከነላስቲካቸው ያበራሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲበሳ፣ ገመድ ሲጎትት፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ሥራው ሲያልቅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል በየክፍሉ እየገባች ሪሞት ስትጫን ቆየችና «ስንት ልክፈልዎ?» አለችው። ሙሐመድሁሴን ደነገጠ። በሕይወቱ ለዚህ ሥራ ዋጋ ጠርቶ አያውቅም፤ ሰቅሎ ማስረከብ የሽያጩ ምርቃት ነው። «ያሰቡትን» አለ። ያሰበችው በዚያ ወር ሱቁ ካተረፈለት ይበልጥ ነበር። ወደ ሞጣ ሲመለስ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ደስ ይበለው ወይስ ይከፋው ሳይለይለት የጤፉን ማሳ ሲያይ መጣ።

ሱቁን ያስዘጋው ግን ይህ አልነበረም። አንድ ማክሰኞ የሚኒባስ ሾፌር ካርቶን ይዞ ገባ። «የኸይራት ዕቃ ነው፤ ስልኳ አልነሣ ብሎኝ ነው፣ እርስዎ ዘንድ ልተወው?» አለ። ጁስ መፍጫ ነው። ሙሐመድሁሴን ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ፤ የዚያው ዓይነት ሁለት ጁስ መፍጫዎች አቧራ ለብሰው ቆመዋል።

ካርቶኑን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

«ኸይራት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መጣ እንዴ! ጁስ መፍጫ ነው።»

«እሱማ ታየኝ። እኔ ዘንድ ሁለት አሉ እኮ! አንዱን ብታነሺ ማን ይከለክልሻል?»

«ለምን አነሣለሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ጥፋተኝነትም የለም። «ያ አንተ ከመርካቶ በውድ ያመጣኸው ነው። ይሄ አንተ ከገዛህበት ይረክሳል። ያንተ ይሸጥልን፣ እኛ በረከሰው እንጠቀም ብዬ ነው። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተችም። ሠላሳ ዓመት ሲነግድ ከዚህ የጠራ የንግድ ምክር ሰምቶ አያውቅም። ካርቶኑን ሲያገላብጥ በጎኑ የመርካቶውን አከፋፋይ ማኅተም አየና እዚያው ቆሞ ደወለ።

«አብዱራዛቅ፣ ለእኔ በጅምላ ከምትሰጠኝ ባነሰ ዋጋ ለሚስቴ ትቸረችራለህ?»

«ሚስትህ ናት እንዴ? ምነው ብትነግረኝ! ትንሽ እቀንስላት ነበር» አለ አብዱራዛቅ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ አስመጪው ራሱ ቻናል ከፍቶ ለሰው በቀጥታ መሸጥ ጀመረ። እኔም ካልከፈትኩ ማን ይገዛኛል? አንተም ክፈት እንጂ።»

«ከፍቼ ምን እሸጣለሁ?»

«ያው ከእኔ የምትወስደውን።»

በሳምንቱ በሩ ላይ «ሱቁ ስለሚዘጋ ዕቃ በቅናሽ ይሸጣል» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱን ብዙ ሰው ፎቶ አነሣው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፦ የደብሩ መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ የገበያው ነጋዴ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍና መምህር አምላኩ። ሙሐመድሁሴን የተጣላው ሰው ያለ መስሎት ደነገጠ። ወንበር ስላልበቃ ሐጂ የፍሪጅ ካርቶን ላይ ተቀመጡ።

«የመጣንበት ጉዳይ» አሉ መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ይህን ሱቅ እንዳትዘጋ ልንለምንህ ነው። ሱቅህ ለከተማው ማኅቶት ነው። የማናውቀውን ያወቅነው እዚህ ነው።»

«መሪጌታ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሦስታችሁ ከእኔ ዕቃ የገዛ ማን ነው?»

አምላኩ እንደ ተማሪ እጁን ከፍ አደረገ። «እኔ በታኅሣሥ አንድ ቻርጀር ገዝቻለሁ።»

«ለደብሩ ድምፅ ማጉያ አልተገዛም እንዴ?»

«ተገዝቷል» አሉ መሪጌታ ወደ መሬት እያዩ። «ያው አንተ ያልከው ዓይነት ነው። እኔ ካንተ ይገዛ ብዬ ነበር፤ ኮሚቴው በድምፅ በለጠኝ።»

ሙሐመድሁሴን ያን ያህል ቅኔ ባያውቅም የቅኔ አገር ሰው ነውና አፉ ላይ መጣለት። «እንግዲህ መሪጌታ፣ ሰሙን እዚህ እያያችሁ ወርቁን አዲስ አበባ ላካችሁት ማለት ነው።»

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ተቀባይነት ያለው ቅኔ እንደ ሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ብለሃል» አሉ። ጥሩ ማለታቸው ግን የመጡበትን አላስረሳቸውም። «እሺ፣ ሁሉንም ማቆየት ባትችል ሦስት አራቱን ቴሌቪዥን፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ምድጃ አቆይልን።»

«ማን ሊገዛቸው?»

«አይሸጡ እንጂ!» አሉ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ከተቀመጡበት ካርቶን ብድግ ብለው። «ከተሸጡማ ምን እናያለን?»

ሙሐመድሁሴን ሳቀ። ከስንት ወር ወዲህ እንባው እስኪመጣ የሳቀው ያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹም እሺ ያለ መስሏቸው አብረው ሳቁ፤ መርቀውትም ሄዱ።

ዘጋው። የቀረውን ዕቃ በጅምላ ያነሣለት ባሕር ዳር ያለ የቴሌግራም ነጋዴ ነው፤ አይቶ እንኳ አልገዛም፣ ፎቶ ላክልኝ ብሎ ነው። ቤቱ የአባቱ ስለሆነ አከራየው። ተከራዩ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የታዘዘ ዕቃ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ድርጅት ነው። በውሉ ላይ ሙሐመድሁሴን አንድ ነገር ብቻ አስገባ፤ በመስኮቱ በኩል ላንድ ጠረጴዛና ላንድ ወንበር የሚሆን ቦታ።

አሁን እዚያ ይቀመጣል። ሰው ካርቶኑን ከተረከበ በኋላ ወደ እሱ ዘወር ይላል፤ እሱ ከፍቶ፣ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ሞክሮ ያስረክባል። የፈለገ ቤቱ ድረስ ወስዶ ያሰቅለዋል። ለሁሉም ዋጋ አለው፤ በትልቁ ጽፎ ለጥፎታል። መጀመሪያ ሰሞን ዋጋውን ሲናገር ድምፁ ይሰልል ነበር፤ አሁን ለምዶታል። ኸይራት ከድሮው ይሻላል ትላለች። እሱም ይሻላል ይላል፤ ብቻ ጠዋት ሲገባ ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ለአፍታ ቆም ይላል።

በቀደም ከደብረ ወርቅ የመጣ አንድ ጎልማሳ ስቶቭ ተረክቦ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ካርቶኑ ሲከፈት ፊቱ ወደቀ። ከጠበቀው በግማሽ ያነሰ ነው።

«ፎቶው ላይ እኮ ትልቅ ነበር!» አለ። «አባቴ፣ እዚህ ከተማ ሰው ከማዘዙ በፊት ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ጠይቆ የሚረዳበት ሱቅ የለም እንዴ?»

«ነበረ» አለ ሙሐመድሁሴን ስቶቩን ሶኬት ላይ እየሰካ።

«ታዲያ ምን ነካው?»

ሙሐመድሁሴን የስቶቩ ሽቦ እስኪቀላ ጠበቀ።

«ሰው በዛበት» አለው።