ብራዚል የገባችው ሰቆጣ

ሚፍታሕ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሞባይል ይጠግናል። ከተማችንን ብራዚል ያስገባት እሱ ነው። ጠዋት ስልኩ ስምንት ሲል እኛ ሁለት እንላለን። አንድ ቀን ከሀገሮች የሰዓት ዝርዝር ውስጥ ሳኦ ፓውሎን ቢመርጥ፣ ስልኩ እንደ ሰው ሁለት አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን የሰጠው ሁሉ ያለ ቪዛ ብራዚላዊ ሆኖ ይወጣል።

የሚጭነው ሶፍትዌር ሁለት ዓይነት ነው፤ ለደህና ስልክ ሙሉው፣ ለደካማ ስልክ የተቀነሰው። የሁለቱም የእትም ቁጥር አንድ ስለሆነ አንዱን ፈትኖ ሌላውን አመነ። እምነት ጥሩ ነው፤ ድካም ይቀንሳል።

በኅዳር አንድ የገበያ ቀን እማማ ለተጊዮርጊስ ከደሃና መጡ። ልጃቸው ሶስና ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ የሚሰጧት እሑድ፣ በእኛ አሥር ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። መንደራቸው ኔትወርክ ስለሌለው እማማ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ተራራ ይወጣሉ።

«ሦስት እሑድ ወጣሁ፤ አልደወለችም። ታማ ይሆን?»

«ስንት ሰዓት ላይ ወጡ?»

«ስልኩ አሥር ሲል። አሥር ተኩል አልፎ ወረድሁ። ጎረቤቴ ምሳው ግን ፀሐይዋ ገና ናት ይለኛል።»

«ምሳው በፀሐይ ነው እንዴ የሚሠራው?»

«አንተስ በምን ትሠራለህ?»

ሚፍታሕ ስልኩን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየ። አንድ ሰዓት ይቀድማል። የተጫነበት የተቀነሰው ነው። ሙሉው ያለበትን ሌላ ስልክ ጎኑ አስቀምጦ፣ ቀኑን በእጁ ከወር ወደ ወር እየገፋ ፈተናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ተስማሙ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የተቀነሰው አንድ ሰዓት ዘለለ፤ እስከ የካቲትም አልተመለሰ። ለካ ብራዚል በበጋዋ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋ ነበር። ከተወችው ዓመታት አልፈዋል። ሙሉው ይህን ሰምቷል፤ ለተቀነሰው የነገረው የለም።

«እማማ፣ ሶስና ደህና ናት። የታመመው ሰዓቱ ነው። የብራዚልን ሰዓት ነበር የሞላሁልዎ።»

እማማ ትንሽ አዩት። «ልጄ ጅዳ ለመግባት ሁለት ዓመት ተንከራተተች። እኔን በአንድ ቀን ሰደድኸኝ።»

ሚፍታሕ አንገቱን ደፍቶ ሰዓቷን በበጋ ወደማትገፋው ወደ ጎረቤት አርጀንቲና አዛወራቸው። በዚህ ጊዜ ግን በሁለቱም ስልክ ዓመቱን ሙሉ እስኪፈትን በርጩማ ላይ አስቀምጦ አስጠበቃቸው።

እሑድ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ የሚፍታሕ ስልክ ጮኸ፤ ከተራራው እማማ ናቸው።

«ደወለች። የት ጠፋሽ ብትለኝ፣ ብራዚል ነበርሁ አልኋት።»

«ምን አለች?»

«አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ ግማሽ ሰዓቷ አለቀ።»