ቅይጥ ቤንዚን እና የአክስቴ ሐሙስ

አክስቴ ባጃጄን «አረቄ ጠጪው» ብለው የሰየሙት ቅይጥ ቤንዚን የቀዳሁ ሰሞን ነው። ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቀው ኢታኖል ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል መሆኑን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሐረር ውስጥ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም፤ በእግሩ ይደርሳል።

ነገሩ የጀመረው መንግሥት ለባጃጆች የሚሰጠውን የነዳጅ ድጎማ ከቅይጡ ጋር ያሰረው ጊዜ ነው። ቅይጡን የሚቀዳ በድጎማ፣ ያለ ወረፋ ይቀዳል። አልፈልግም ያለ እንደ ማንም ይሰለፋል። እኔ ደግሞ ሰልፍ አንገሽግሾኛል። ማደያ በር ላይ ባጃጄን እየገፋሁ ውዬ «አልቋል» ተብያለሁ፤ በውኃ ፕላስቲክ የሚሸጥ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ የማይታወቅ ቤንዚን ገዝቼ ሞተሬን ሳል አስይዣለሁ። ሴት ሹፌር ስለሆንኩ ከፊቴ ሰብሮ የሚገባ አይጠፋም፤ ስናገር «ይቺ ምላሷ!» ይሉኛል። አዎ፣ ምላስ አለኝ። ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ ዘገየ ተብሎ ከተማው ሲያፈጥ ከሚውል፣ ትንሽም ቢሆን በገዛ አገራችን ሸንኮራ ብንሄድ ምን ነውር አለው? በጁገል ግንብ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች የፊተኛውን ባጃጅ ጭስ ስምግ ለኖርኩት ለእኔ፣ ጭሱ ይቀንሳል መባሉም ትንሽ ነገር አልነበረም።

የባጃጅ ሹፌሮች ማኅበራችን ግን ተሰብስቦ «አንቀዳም» አለ። ሊቀመንበራችን ራሳቸው ባጃጅ የሚነዱ፣ ደግ፣ ሲበዛ ግትር ሰው ናቸው።

«ወላሂ፣ ሰው በኸምር፣ በአስካሪ መጠጥ፣ ወደ መስጊድ አናደርስም» አሉ።

እጄን ሳላወጣ ተነሳሁ። «ጁምዓ ጁምዓ የሚቀቡት ሽቶ ውስጥ ምን ያለ ይመስልዎታል? ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንድዎን የምትጠርግበትስ? ቅይጡን የሚጠጣው ሞተሩ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሰክሮ የወደቀ ጎማ አይተው ያውቃሉ?»

ከኋላ ሳቁልኝ። እሳቸው አልሳቁም። «የቀዳ ከተሳፋሪ መጫኛ ተራ ይወጣል» አሉ።

«እወጣለሁ» አልኩ፤ ወጣሁም። በማግስቱ ማደያ ሄጄ ታንኬን አፉ ድረስ አስሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ለመጫን ተራ ይዘው ከተሰለፉት ባጃጆች ጋር አልቆምም፤ እየዞርኩ ያገኘሁትን እጭናለሁ። እጁን አንስቶ ያስቆመኝ ሁሉ ይገባል። እስካሁን ታንኬን ከፍቶ ያሸተተ ተሳፋሪ አልገጠመኝም።

ያላሰብኩት አክስቴን ነው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ባጃጅ ልነዳ ነው ስል ዘመድ አዝማድ ሲንጫጫ «ተዉዋት፣ ትንዳ!» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ከአቦከር ሰፈር ወደ ሐኪም ጋራ ተራራ ለዚያራ፣ የአውሊያውን መቃብር ሊጎበኙ ሲሄዱ፣ የማደርሳቸውም እኔ ነኝ፤ ጉልበታቸው ዳገት አይችልም። የዚያን ሐሙስ ደጃፋቸው ቆሜ ጡሩንባ ነፋሁ። ወጡ፣ ባጃጁን አዩት፣ አልፈውት መንገዱን ተያያዙት።

«አክስቴ፣ ይግቡ እንጂ!»

«ሱብሃነላህ! ወደ አውሊያ ደጅ በአረቄ ልሂድ?»

«ሐራም ከሆነ ይንገሩኝና አሁኑኑ እደፋዋለሁ።»

«ሐራም ነው አላልኩም። እኔ እንጃ። ልቤ ያልተቀበለው ነገር ላይ አልቀመጥም።»

ሐራም ነው ቢሉኝ እከራከር ነበር። ልባቸውን በምን ልከራከረው? ተናደድኩ፣ ከፋኝም። በእኔ ባጃጅ ዳግመኛ ላይቀመጡ ነው። ቅይጡን ልተወው ይሆን? ብዬ ነበር። ግን ዛሬ ለአክስቴ ብዬ ብተወው ነገ ለሊቀመንበሩ ብዬ፣ ከነገ ወዲያ ለመንገደኛው ሁሉ ብዬ ልተው ነው። አልተውኩም።

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ በእርምጃቸው ልክ ተከተልኳቸው። ከኋላዬ ሚኒባሱ ጡሩንባውን አቀለጠው። «ሰርግ ነው ቀብር?» አለ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ። አክስቴ ዞር ሳይሉ «አጥፊውና ወደ ሥራሽ ሂጂ!» ይሉኛል፤ እኔም «አላጠፋም! ሥራዬ ይሄ ነው!» እላለሁ። ሐረር እኛን እያየ ሳቀ። ይሳቅ።

ዳገቱ ሲጀምር ቆሙ። ለዚያራው ዳቦ የያዙበትን ዘንቢል የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡና «ዳቦው ይሂድ፤ እሱ ልብ የለውም» አሉ። ትንሽ እንደሄድን በየእርምጃው ቆም ማለት ጀመሩ። ሞተሩን አጥፍቼ ልወርድ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ያኔ ክንዳቸውን ዘርግተው የባጃጁን የጎን ብረት ጨበጡ። ከፊሉ ክብደታቸው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ባጃጁ ወደ እሳቸው ዘመም ሲል ተሰማኝ።

«እንዳትሮጪ» አሉኝ።

እንዲህ ሆነን፣ እሳቸው በእግር እኔ በሞተር፣ ዳገቱን ስንገፋ ሊቀመንበሩ ከላይ ባዶ ባጃጃቸውን እየነዱ ወረዱ። እኔን እንዳላዩ ሆኑ፤ ሰላምታም የለ። ባጃጁን አቁመው በአክብሮት ወደ አክስቴ ዘንበል አሉ።

«እናቴ፣ ምን በወጣዎት በእግር ይደክማሉ? በእኔ ይግቡ፤ የእኔ ንጹሕ ቤንዚን ነው። ላድርስዎ።»

አክስቴ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሊቀመንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«የልጄ ባጃጅ አጠገቤ እያለ በሰው ባጃጅ ምን አባቴ ልሠራ?» አሉ። እጃቸውን ከብረቱ ሳያነሱ ዳገቱን ቀጠሉ።