ጉድጓዱ እስኪተነፍስ

አሁንም የልጅ ልጆቼ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ማሽላ ሸምተው ሲመጡ፣ ጆንያው ርጥበት ነክቶት ከሆነ፣ አፉ ተፈትቶ ሳያልቅ ያ ሽታ ይመጣብኛል፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ያን ጊዜ መቀመጥ አልችልም። ተነስቼ ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ልጆቹ «እማማ ደግሞ ጀመራት» ብለው ይስቃሉ።

እኛ የቀወት ቆላ ሰዎች ማሽላችንን እንደ ደገኛ በጎተራ አናኖርም ነበር፤ መሬት ውስጥ ነበር የምንቀብረው። አባቴ ያሲን በበረታችን መሀል የቆፈረው ጉድጓድ አፉ እንደ እንስራ ጠባብ፣ ሆዱ ግን ሰው ቆሞ የሚዞርበት ነበር፤ ውስጡን ጭድ አልብሶ፣ እህሉን ሞልቶ፣ አፉን በድንጋይ ከድኖ በእበትና በአፈር ከመረገው በኋላ ከብቶቹ ላዩ ላይ ይተኙበት ነበርና፣ የማያውቅ ሰው ቢረግጠው እንኳ መርገጡን አያውቅም።

ጣሊያን መንገዱን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን፣ በኅዳር፣ ማሽላው ተወቅቶ ጉድጓዱ ሊሞላ ሲል፣ ጎረቤታችን ጋሼ ተሰማ አንድ ማለዳ ቅቤ በጠገበ ቆዳ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው መጡ። ወደ ደብረ ሲና ገደል ወጥተው ከአርበኞቹ ሊቀላቀሉ ነበር። የራሳቸው ጠመንጃ በትከሻቸው ላይ ነው፤ ይሄኛው የሞተው ወንድማቸው ጠመንጃ ነበር።

«ያሲን፣ ጥይት እስካገኝለት እምነት ይሁንብህ» አሉት።

«ተቀብያለሁ» አለ አባቴ። አልማለም። ሌላው ሰው አንዲት ዶሮ ለመሸጥ ሦስት ጊዜ ወላሂ በሚልበት አገር፣ እሱ መማል አይወድም ነበር። ጠመንጃውን ከጉድጓዱ ሥር አጋድሞ ማሽላውን አፈሰሰበት። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፣ እናቴም ማየቴን አይታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

በቤታችን ይህች እምነት የምትባል ቃል እንደ ጨው በየነገሩ ትገባ ነበር። ወተት ጠብቂ ተብዬ በጣቴ ስቀምስ ስታገኘኝ እናቴ «ወይ እምነት ማጣት!» ትለኛለች። ጎረቤት ልጇን እኛ ዘንድ ጥላ ጀውሃ ስትሄድ «በእምነት ነው የተውኩት» ትላለች። አባቴ ደግሞ የማያደርገውን ነገር ሲለምኑት ክርክር ስለማይወድ፣ «እምነቴ አይደለም» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እናቴም አትገፋውም። ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ የነገረኝ አልነበረም።

በጋው ገባ፣ የጣሊያን ካሚዮኖች አቧራውን እያስነሱ ወደ ጀውሃ ሲወርዱና ሲወጡ እኔ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር ወደ በረቱ እየሮጥኩ ድንጋዩ መኖሩን አያለሁ። እግሬ ጭራሽ አላርፍ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ጉንዳን ገባብሽ እንዴ? ተቀመጪ!» ትለኛለች እናቴ፣ እሷ ራሷ ግን ቁና ይዛ ተነስታ ምን ልታደርግ እንደተነሳች ትረሳ ነበር። ጉድጓዱ በተከፈተ ቁጥር አባቴ ከማለዳ እስከ ቀትር አፉን ክፍት ትቶ እስኪተነፍስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገባል፣ የወሩን ቀለብ አውጥቶ መልሶ ይመርገዋል። ማሽላው እየጎደለ ሲሄድ ጠመንጃው ከሥር ወደ እኛ እየወጣ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጣሊያኖቹ ሊፈትሹ ደረሱ። ካሚዮኑ ጭቃ ፈርቶ መንገዱ ዳር ቆመ፣ ጣሊያኖቹ ከላዩ አልወረዱም፤ ወደ እኛ ቤት የመጣው አንድ ባንዳ ብቻ ነው፣ ወፈር ያለ ደገኛ፣ አለንጋ የያዘ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሽፍቶች መሣሪያ በየጉድጓዱ አለ ተብሏል፤ ክፈት!»

አባቴ ከብቶቹን ነድቶ አስወጣ፣ እበቱን ጠረገ፣ ድንጋዩን አነሳ። ያ ሽታ በረቱን ሞላው። ባንዳው ካፖርቱን አውልቆ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። የእናቴ ጣቶች ትከሻዬን አጥብቀው ያዙ። የቆላ ልጅ ነበርኩና ገባኝ፤ ገና የተከፈተ ጉድጓድ የገባ ሰው፣ የታመቀው አየር ስለሚገድለው፣ አይወጣም። ማንም አይነካውም፣ በራሱ እግር ነው የሚገባው። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገን።

«አትግባ!» አለ አባቴ። «አልተነፈሰም። እስከ ቀትር ይቆይ።»

«ጉድጓድ ይተነፍሳል ደግሞ! ነገ አስነጠሰው ትለኛለህ?» ብሎ ሳቀ ባንዳው፤ «እስከ ቀትር ምን ልታሸሽ ነው?» ብሎ እስከ ወገቡ ገባ።

አባቴ ዘሎ ቀበቶውን በሁለት እጁ ያዘው። ባንዳው በአለንጋው ፊቱን ሁለት ጊዜ ገረፈው፣ የአባቴ ጥምጣም ጭቃ ላይ ወደቀ፣ እሱ ግን አልለቀቀም፤ ጎትቶ አወጣውና እያለከለከ፣ «ትመታኛለህ፤ መጀመሪያ ይህችን እይ» አለው። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ዘሃራ፣ እሳት አምጪ!»

ከምድጃው የሚነድ የአገዳ ችቦ አመጣሁ። በጠፍር አስሮ ወደ ጉድጓዱ ሲያወርደው፣ ነበልባሉ ውኃ ውስጥ እንደነከሩት ድርግም አለ። አቀጣጥሎ ደገመው፤ ድርግም። ባንዳው እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ቀረ።

ከመንገዱ የካሚዮኑ ጥሩምባ ጮኸ። ባንዳው ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ የአባቴን ፊት፣ ሰንበሩን።

«ከማሽላ ሌላ ምን አለበት?» አለው በቀስታ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ጥምጣሙን ከጭቃው አነሳ። እግሬ ሊሮጥ ፈለገ፣ እናቴ ግን ይዛኛለች። በመጨረሻ፣

«ማሽላው የኔ ነው» አለ።

ባንዳው ወደ መሬት አቀረቀረ። ካፖርቱን አንስቶ ወደ መንገዱ እየሄደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማሽላ ነው! ማሽላ ብቻ!» ብሎ ጮኸ። ዳግመኛ በደጃችን አላለፈም።

እናቴ የአባቴን ፊት ለብ ባለ ውኃ እያጠበች አለቀሰች፣ ተቆጣችም። «ዝም ብትለው ምን ነበረበት? ጠመንጃው ቢገኝ ይሰቅሉህ አልነበር? ልጅህን አላሰብክም?»

«አሰብኩ» አለ። «ግን እምነቴ አይደለም።»

ጋሼ ተሰማ ጣሊያን በወጣ ዓመት በመኸር ተመለሱ፣ ጠመንጃውን ከነቆዳው ተቀበሉት። የአባቴ ጉንጭ ላይ የቀረችውን መስመር ምን እንደሆነች ቢጠይቁት፣ «እሾህ ቧጨረኝ» አላቸው። እሱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ በላዩ የልጄ ቆርቆሮ ቤት ቆሟል፣ ማሽላችንም በጆንያ ነው። ባለፈው የቆጠራ ቅጽ የያዘች አንዲት ወጣት መጥታ ስሜን፣ ዕድሜዬን ጠየቀችኝና፣ «እምነትዎስ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ሙስሊም» አልኳት፤ እውነት ነው፣ አልሀምዱሊላህ። እሷም ጻፈችና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች። እኔ ግን በዚያች ጠባብ ክፍት ቦታ ያልገባ ነገር ቀርቶብኝ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተልኳት። «ምን ረሱ?» ብትለኝ፣ የጠላቱን ቀበቶ አልለቅም ያሉት የአባቴ እጆች ታዩኝና፣ «ምንም የኔ ልጅ፣ በጥንቃቄ ሂጂ፣ መንገዱ ያዳልጣል» ብያት ተመለስኩ።